ባሮ ሲጎድል፤ የጋምቤላ አሸዋና ታሪኩ

የባሕር በር የሌለው አገር ሕዝብ “ዳርቻ” የሚለውን ቃል የሚተረጉመው በሐይቁና በወንዙ ነው። ከኢትዮጵያ ወንዞች መካከልም ዳርቻው በየዓመቱ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ የሚሆንለት፣ በዳሩ ከተማ የተቆረቆረለት፣ የጭነት መርከብም ከሩቅ አገር መጥቶ የቆመለት ወንዝ አለ፤ ባሮ ነው።

ብርብርና ገባ ከወለጋና ከኢሉባቦር ደጋ ወርደው ሲገናኙ ባሮ የሚለውን ስም ያገኛሉ። ወንዙ ቡና ከሚበቅልበት ጫካ ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ተወርውሮ፣ ጋምቤላ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ያለው ሜዳ ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲያ የሚያጣድፈው የለም። ተዝናንቶ ወደ ምዕራብ ይፈሳል፤ በድንበሩ ላይ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ይገባል። በዳሩ የሚኖሩት አኙዋኮች ግን ኦፔኖ ብለው ይጠሩታል።

ጋምቤላ ላይ ይህ ወንዝ በዓመት ሁለት መልክ አለው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ድፍርስና ሙሉ ነው፤ ዳሩን ዘልሎ ሣሩንና ማሳውን ይሸፍናል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ሲሸሽም ደለልና አሸዋ ጥሎ ይሄዳል። በበጋው አጋማሽ ውኃው ወደ አንድ ጎን ተሰብስቦ፣ ትናንት የወንዝ ሆድ የነበረው ሁሉ ነጣ ያለ አሸዋ ሆኖ ይዘረጋል። የጋምቤላን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ይህ የሁለት ወቅት ነገር ተራ የተፈጥሮ ወሬ አይደለም። በመጻሕፍት የሰፈረው ታሪክ በአብዛኛው የሙላቱ ወራት ታሪክ ነው፤ የአሸዋው ወራት ታሪክ ግን የተያዘው በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ በቀን የታወቀ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ውል ዋነኛ ዓላማው የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን መለየት ነበር። በአራተኛው አንቀጹ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ለመስጠት ተስማሙ። ቦታው የንግድ ጣቢያ እንዲሆን፣ ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይ እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተጻፈ። ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ከኢታንግ በላይ፣ መርከብ ወደ ደጋው ሊጠጋ ከሚችልበት ከጋምቤላ ላይ ነው።

እነሆ ዳርቻው በሜትር ተለካ። በዚያ አንቀጽ ውስጥ ግን በዚያው ዳር በቆሎ የሚዘራው፣ ዓሣ የሚያጠምደውና ታንኳ የሚቀዝፈው ሕዝብ ስም አይገኝም። ውል ጸሐፊዎቹ ያዩት ወንዙን እንደ መንገድ፣ ዳሩንም እንደ መንገዱ ማቆሚያ ብቻ ነበር።

መንገድነቱስ እውነት ነበር። የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው ነጭ ዓባይን ሽቅብ፣ ከዚያም ሶባትንና ባሮን ተከትለው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ከጎሬና ከአካባቢው ደጋ ቡና፣ ሰምና ቆዳ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይወርዳል፤ ከመርከቡ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይራገፋል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ከኢትዮጵያውያንና ከሱዳናውያን ነጋዴዎች ጋር ይገበያዩ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም እንኳ ለምዕራቡ ቡና የጋምቤላ መንገድ ቅርቡ ስለነበር ገበያው አልተቋረጠም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ግርግር የሙላት እንግዳ ነበር። ባሮ ሲጎድል የመርከቡ ሆድ አሸዋውን ይነካልና ካፒቴኖቹ ሳይያዙ ለመመለስ ይጣደፉ ነበር። ለወደቡ አሸዋ ማለት ጠላት ነው፤ ሥራ ማቆሚያ፣ ዕቃ ማከማቻ፣ እስከሚቀጥለው ሰኔ መጠበቂያ ነው። ለወንዙ ሕዝብ ግን አሸዋው የሚገለጥበት ጊዜ ዋናው የሥራና የኑሮ ወቅት ይጀምራል። እንግሊዞቹ “ወንዙ ተዘጋ” በሚሉበት ወር አኙዋኩ ወንዙ ተከፈተልኝ ይላል።

ለመሆኑ በዚያ አሸዋ ላይ ምን ይሠራበታል? አስቀድሞ እርሻ ነው። ውኃው የተወው ደለል እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ ዝናብ ሳይጠበቅ በወንዙ ዳር በቆሎ ይዘራበታል፤ በሌላ አካባቢ ውኃ ሸሽ የሚባለው እርሻ መሆኑ ነው። የክረምቱ እህል ቢከዳ ይህ የዳር ማሳ ቤተሰብን ያተርፋል። ቀጥሎ ዓሣ አለ፤ ወንዙ ሲያንስ ዓሣው ይሰበሰባል፣ ለመረብና ለጦርም ይመቻል። ሴቶች ውኃ የሚቀዱት፣ ልብስ የሚያጥቡት፣ ሕፃናት ዋና የሚማሩት በዚሁ ነው። የጋምቤላ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ሲበረታ፣ ፀሐይም ማዘቅዘቅ ስትጀምር፣ ከተማው ወደ አሸዋው ይወርዳል። ገላ መታጠቢያውም፣ መጫወቻውም፣ ወሬ መለዋወጫውም ያው ነው። አዞ መኖሩን የሚያውቅ ሁሉ የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ ከታላላቆቹ ይማራል።

አሸዋው ግን የሰላም ቦታ ብቻ ነበር ማለት ታሪክን ማሳመር ይሆናል። ኑዌሮች ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ክረምቱን ከፍ ባለው መሬት ባለ መንደራቸው ያሳልፉና በጋ ሲሆን ለከብቶቻቸው ውኃና ሣር ፍለጋ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ምሥራቅ እየገፉ በመጡ ጊዜ የአኙዋክ ዳርቻ ለሁለት አኗኗር ተፈላጊ ሆነ። ለአንዱ ማሳ የሆነው እርጥብ መሬት ለሌላው የከብት መዋያ ነው። ስለሆነም በዚያ ዳር ጋብቻና ገበያ እንደነበረ ሁሉ ደምም ፈስሷል። ጠቡ በጥንት ጥላቻ ብቻ የሚፈታ እንቆቅልሽ አይደለም፤ አንዱ መነሻው ይኸው በበጋ የሚገለጥ መሬት ነው።

ውሉ ከጦር ጉዳይ ያገለለው ዳርቻ ከጦርነት አላመለጠም። ኢጣሊያ በ1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገጥም ጋምቤላ ግንባር ሆነች። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ተሸንፈው ከተማይቱን ለቀቁ፤ የቤልጂግ ኮንጎ ወታደሮችም በዚሁ በኩል ወደ ደጋው ዘምተው፣ በሰኔ ወር መጨረሻ ጄኔራል ጋዜራ ደምቢ ዶሎ ላይ እጁን ሰጠ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታገኝ የኪራዩ ዘመን በውሉ ቃል መሠረት አበቃ፤ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያም ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ የመርከቡ ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ። የደጋው ቡና በመኪና መንገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ፤ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነትም የታችኛውን ወንዝ አወከው። በ1975 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግመኛ ሲቀጣጠል የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በኢታንግ ሰፈሩ፤ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱ የደጋ አገሮች የመጡ ሠፋሪዎች በባሮ አካባቢ ተደለደሉ። ወደቡ ሞተ፤ ዳርቻው ግን ቀድሞ ካየው ይልቅ ብዙ ቋንቋ የሚነገርበት ሆነ። ደገኛውም ጎጆውን ከቀለሰ በኋላ እንደ ነባሩ ሰው ማታ ማታ ወደ አሸዋው መውረድን ተማረ።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር ጠረፍ አልባ ከሆነች ወዲህ የጋምቤላ የቀድሞ ወደብነት ደጋግሞ ይነሣል። መነሣቱ ተገቢ ነው። በሌላ በኩል በላይኛው ባሮና በገባ ላይ የኃይል ማመንጫ ግድብ ለመሥራት ጥናት ተካሂዷል። ኃይልም ወደብም ለአገር የሚያስፈልጉ ናቸው። ነገር ግን ግድብ ሙላቱን ይዞ በጋውን የሚያጠጣ ከሆነ ወንዙ ሁለት መልኩን ትቶ አንድ መልክ ይይዛል። ደለል ካልወረደ የዳሩ ማሳ ይደኸያል፤ ውኃው ካልሸሸ አሸዋው አይገለጥም። ለመርከብ የሚበጀው እኩል ፍሰት ለውኃ ሸሽ ገበሬ ማሳ ማጣት ሊሆን ይችላል።

በ1894 ዓ.ም. የተጻፈው አንቀጽ 2,000 ሜትሩን ሲቆጥር በዳሩ ያለውን ሕዝብ ሳይቆጥር ቀረ። በዚያ ዘመን የውጭ መንግሥትና የሩቅ ቤተ መንግሥት በተፈራረሙት ውል የሆነ ነውና ምክንያቱን መረዳት አይቸግርም። ዛሬ ግን የባሮን ነገር የሚወስነው የአገሩ ሰው ነው። መሐንዲሱ በክረምት መጥቶ ሙላቱን ለክቶ ብቻ ቢመለስ ግማሹን ወንዝ ሳያይ ይሄዳል። በየካቲትም ይምጣ፤ ወደ አሸዋው ይውረድ፤ በቆሎዋን የምትኮተኩተውን እናት፣ መረቡን የሚጠግነውን ሽማግሌ፣ ከብቱን የሚያጠጣውን ወጣት ውኃው እስከ የት ሲደርስ እንደሚበጃቸው ይጠይቅ።