«ቀለም» ስለሚባለው ቃል ታሪክና ትርጕም

በመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ከመንገድ ዳር ቆሞ የአላፊ አግዳሚውን ንግግር ያዳመጠ ሰው፥ «ቀለም» የሚለውን ቃል በልዩ ልዩ ትርጕም ሲነገር ይሰማል። ባለሱቁ የግድግዳ ቀለም በጣሳ ይሸጣል። አንዲት እናት አዲሱ ቀሚስ ገና በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙን ለቀቀ ብለው ያማርራሉ። ተማሪዎች ከመጽሐፍ የማይለየውን ጓደኛቸውን «ቀለሜ» እያሉ ይቀልዱበታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚወጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ስለ አንድ ያለፉ ሊቅ ሲያወሱ «የቀለም ቀንድ ነበሩ» ይላሉ። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን አራት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም እነዚህ ትርጕሞች እንዴት እንደ ተዛመዱ ለማሳየትና፥ ከእነርሱ ጋር አብሮ ያደገውን አንድ የተሳሳተ ፍርድ ለማመልከት ነው።

ቃሉ ከጥንት የመልክ ስም አልነበረም። በግሪክ ቋንቋ «ቃላሞስ» ማለት ሸምበቆ ነው። ሸምበቆ ተቀርጾ መጻፊያ ስለሚሆን፥ የተክሉ ስም ለመሣሪያው ተሰጠ። ዐረቦች እስከ ዛሬ «ቀለም» ሲሉ ብዕር ማለታቸው ነው፤ የቁርኣንም 68ኛው ምዕራፍ በዚሁ ስም ይጠራል። በአማርኛ ግን ቃሉ ከመሣሪያው ወደ ፈሳሹ ተሻግሯል። ለመሣሪያው «ብዕር» የሚል ስም አለን። ይህም በግእዝ «ብርዕ» የተባለው ሲሆን፥ እርሱም ራሱ ሸምበቆ ማለት ነው። እንግዲህ ብዕርና ቀለም፥ አንዱ ከግእዝ ሌላው ከባሕር ማዶ ቢመጡም፥ ከአንድ ተክል በቀሉ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ፈሳሹ የሚዘጋጀው በብዙ ድካም ነው። ቁም ጸሓፊው ከምጣድና ከድስት ጥላሸት ይፍቃል፤ የተቃጠለ እህል፥ ቅጠልና ሙጫ ይጨምርበታል፤ ይወቅጠዋል፥ ያሸዋል፥ እስኪበስልም ለወራት ያቆየዋል። የተዘጋጀውን ቀለም በከብት ቀንድ ያደርገዋል። ጥቁሩ ለጽሕፈቱ ሁሉ ሲሆን፥ ቀዩ ለአምላክ፥ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም እንዲሁም ለምዕራፍ መነሻ የተለየ ነው። ሁለት ቀንድ ከፊቱ ተክሎ የሚጽፍ ሰው «የትኛው ቀለም?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ ጥያቄው ስለ ፈሳሹም ስለ መልኩም ነው። ቃሉ ወደ መልክ የተሻገረው በዚህ በር ይመስለኛል።

ሆኖም በመልክ ረገድ «ቀለም» ብቻውን አይደለም። «መልክ» የሚለው ቃል ለፍጡር የሚስማማ ነው። ስለ ላም «መልኳ ምን ዓይነት ነው?» ይባላል፤ ሰውም መልኩ ጠይም ነው ይባላል እንጂ በቀድሞው አነጋገር ቀለሙ ጠይም ነው አይባልም። መልክ ተወልደውበት የሚኖሩት ሲሆን፥ ቀለም ግን የሰው እጅ የሚቀባው ነው። ሦስተኛው ቃል «ኅብር» ነው። ኅብር መልክም ነው፥ አንድነትም ነው። በቅኔ ትምህርት ደግሞ አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ሲይዝ ኅብር ይባላል። በዚህ መሠረት «ቀለም» ራሱ ኅብር ቃል ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የራቀው ጉዞ ግን ቃሉ ከቀንዱ ወጥቶ ወደ ቃል ትምህርት የተጓዘው ነው። ስለዚህ ነገር አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ጠይቄ ነበር።

«የኔታ፥ ቀለም ማለት ምን ማለት ነው?» አልኋቸው።

«ልጄ፥ እኔ ቀለም የተቀበልሁት በጨለማ ነው። ማታ ማታ መምህሬ ይነግሩናል፤ እኛም እንቀበላለን። መጽሐፍም መብራትም አልነበረንም» አሉኝ።

«ታዲያ ቀለሙ የት ነበር?»

«በመምህሬ አፍ ነዋ!»

በእርግጥም በአብነት ትምህርት ቤት ቀለም መንገር ማለት በቃል ማስተማር ነው። ዓይነ ስውር መምህር ቀለም ሊነግር፥ ዓይነ ስውር ተማሪም ቀለም ሊይዝ ይችላል። በግጥም ስልት ደግሞ ቀለም የሚባለው በድምፅ የሚቈጠረው ነው፤ በወል ቤት ግጥም አንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም፥ በሰንጎ መገን ደግሞ አምስት ቀለም ይይዛል። ከዚህ በኋላ የተማረው ሰው «ቀለም የቈጠረ»፥ «ቀለም ቀመስ» ተባለ፤ ትምህርቱ ያልገባው ደግሞ «ቀለም የማይዘልቀው» ተባለ። ጥላሸት የነበረው ነገር የአእምሮ መለኪያ ሆነ።

ችግሩም የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። ቃሉ ከእጅ ወደ ራስ ሲወጣ እጅን ረሳው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። በዐዋጁ ከተጠቀሱት ተሰዳቢዎች መካከል ከብረት ሠሪውና ከሸማኔው ጋር ጸሓፊው ይገኛል፤ በመጻፉ ጠንቋይ ይባል ነበርና። ቀለም በጥባጩ ራሱ ከተናቁት የእጅ ሠራተኞች አንዱ ነበር ማለት ነው። ኋላም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1942 በአዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲቋቋም «ተግባረ እድ» ተባለ፤ ትርጕሙም የእጅ ሥራ ነው። ስሙ የተከበረ ነው። በሕዝብ አነጋገር ግን «የቀለም ትምህርት» በአንድ ወገን፥ «የሙያ ትምህርት» በሌላ ወገን ቆሙ፤ ወደ ሁለተኛው የሚሄደውም ቀለም ያልዘለቀው እንደ ሆነ ተቈጠረ።

ይህ ፍርድ የሩቅ ነገር አይደለም። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስማር፥ በሒሳብ የወደቀ አንድ የክፍል ጓደኛችንን መምህሩ «አንተን ቀለም አይዘልቅህም፤ ሂድና እንጨትህን ላግ» አለው። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መምህሩ የፈተና ወረቀታችንን የከመረበት ጠረጴዛ ግን ያ ልጅ በእንጨት ሥራ ክፍል የሠራው ነበር። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰም። ስለዚህ ቃል እንድመረምር ያነሣሣኝ የዚያን ቀን ሳቅ ነው።

ከዚህ በላይ እንደ ታየው ቀለም በመጀመሪያ ሸምበቆ፥ ቀጥሎ ጥላሸትና ሙጫ፥ ከዚያም መልክ፥ በመጨረሻም ዕውቀት ሆኗል። በየደረጃው ግን ያለ እጅ ሥራ አልተገኘም። ሸምበቆውን የቀረጸ፥ ብራናውን የፋቀ፥ ጥላሸቱን የወቀጠ ሰው ባይኖር «የቀለም ቀንድ» የሚባል ሊቅ ስሙን ከየት ባገኘ ነበር? ስለዚህ እኛ ቀለም ቈጠርን የምንል ተማሪዎች፥ አንድን ሰው ቀለም አይዘልቀውም ከማለታችን በፊት ቃሉ ከማን እጅ እንደ መጣልን ብናስታውስ መልካም ነው።