የአገዳ ቆርቁር የዘር ታሪክና የመካነ ሰላም አካባቢ

ከመካነ ሰላም ተነሥተን ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ ገብስና ስንዴ እየቀሩ ማሽላ ይተካቸዋል። በማሽላው አገዳ ውስጥ ገብቶ ልቡን የሚበላው ትል አገዳ ቆርቁር ይባላል። ሲያድግ የእሳት ራት ይሆናል፤ የሣይንስ ስሙም ቡሲዮላ ፉስካ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ታሪኩን ነው።

ሊቃውንት ይህን ነፍሳት መጀመሪያ የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1901 ከደቡብ አፍሪካ ነው። በበቆሎ ላይ ብዙ ጉዳት ስለሚያደርስ ከበቆሎ ጋር የመጣ ሊመስለን ይችላል። ይሁን እንጂ በቆሎ ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ የገባው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ሲሆን፥ ትሉ ግን የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ቀድሞ በማሽላና በዱር ሣር ይኖር ነበር። የዚህም ምስክር በራሱ ዘረመል ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የዘረመል ክፍል መርምሮ ሦስት ዋና ዋና ነገዶች እንዳሉ አሳይቷል። አንደኛው የምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ሁለቱ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ናቸው። የተለያዩትም እርሻ ከመጀመሩ እጅግ ቀደም ብሎ ነው።

ይህ ለገበሬው ምን ይጠቅማል? የሚለን ቢኖር፥ በኬንያ የታየውን እንጠቅሳለን። ኮቴሲያ ሰሳሚየ የምትባል ትንሽ ተርብ ዕንቍላሏን በትሉ ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿም ትሉን ከውስጥ በልተው ይገድሉታል። ነገር ግን ከሞምባሳ ጠረፍ የመጣችው ተርብ ዕንቍላል በአገዳ ቆርቁር ገላ ውስጥ ሲጠፋ፥ ከኪታሌ ደጋ የመጣችው ግን ይፈለፈላል። ስማቸው አንድ፥ ዘራቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። ስለዚህ የትሉንና የጠላቱን ዘር ሳያውቁ መድኀኒቱን ከአገር ወደ አገር ማዛወር ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል።

በቦረናና በጎጃም መካከል የዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ጠልቆ ይገኛል። ቡሲዮላ ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ ስለሚስማማው፥ የሸለቆው ሙቀት የሁለቱን ወገን ትሎች ሊለያያቸው ይችላል ብለን እንገምታለን። በሌላ በኩል ትሉ በጋውን በደረቅ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል፤ አገዳው ለማገዶ፥ ለአጥርና ለከብት መኖ ሲጓዝ ትሉም አብሮ ይጓዛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያይል የሚታወቀው ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ትል ሰብስቦ ዘራቸውን በማነጻጸር ነው። ይህንንም ሥራ ለመሰሎቻችን ተማሪዎች እናሳስባለን።