ሲኒማን ስለ ማየትና ስለ መተርጐም

የሚንቀሳቀስ ሥዕል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1890 ዓ.ም. ገደማ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ያመለክታሉ። ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህን ስም የሚያነሡ ብዙዎች ያለማወቅ ምልክት አድርገው ይሥቁበታል። እኛ ግን ለመሣቅ አንደፍርም። በጨለማ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፥ በሥፍራው የሌለ ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ ያየ ሰው፥ «ከዚህ ብርሃን በስተኋላ ያለው ማነው?» ብሎ መጠየቁ፥ ዝም ብሎ አይቶ ከሚወጣው ይልቅ አስተዋይ ያሰኘዋል። መልሱ ስሕተት ቢሆን እንኳ ጥያቄው ትክክል ነበረ።

ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። በዚያው ዘመን «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው የመጀመሪያው ረዥም ያማርኛ ፊልም ተሠራ፤ ርእሱ ራሱ ጥያቄ መሆኑን ልብ ይሏል። በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ግን ከዋናው ከተማ ርቆ ስለሚገኝ፥ ሥዕሉ ሆሳዕና እስኪደርስ ብዙ ዓመታት አለፉ።

በ1990ዎቹ ዓመታት፥ እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ፥ በከተሞቻችን የሲኒማ ምትክ የነበረው ቪዲዮ ቤት ነው። አንድ ቴሌቪዥን፥ አንድ ዴክ፥ ከሳንቃ የተሠሩ አግዳሚ ወንበሮች፥ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ ክፍል፤ ይኸው ነው። የሕንድ ፊልም በታየ ጊዜ ቋንቋውን የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም አልነበረም፤ ሆኖም ቀደም ብሎ ያየው ልጅ አማርኛውንና ሐዲይኛውን እያቀላቀለ ይተረጕምልን ነበር። ትርጕሙ ከፊልሙ የበለጠበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጐልማሳው ከሀብታሙ ጋራ በተጣላ ቍጥር ተርጓሚያችን ነገሩን ወደ ሰፈራችን የድንበር ጠብ ያመጣው ነበር።

ከቪዲዮ ቤት ቀጥሎ ያየነው ሥዕል በትምህርት ቤት ውስጥ ነበረ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመላ አገሪቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» የምንለው ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ትምህርቱም በሳተላይት ይሠራጭ ጀመር። አስተማሪው ከግድግዳው ላይ ሆኖ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቅና እኛ እርሳሳችንን ሳናነሣ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። የክፍሉ መምህር ከጐን ቆሞ ይመለከታል እንጂ ሥዕሉን ለማቆምም ሆነ ወደኋላ ለመመለስ አይችልም። ያን ጊዜ ያላስተዋልነውን ዛሬ እናስተውላለን፤ ይኸውም ትምህርቱ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪቃ መሆኑ ነው። በነዚያው ዓመታት ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች በኬንያ፥ በታንዛንያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ወደዚያው አገር ይሰደዱ ጀመር። አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው አንልም፤ ሰውን ያሰደደው የመሬት ጥበትና ሥራ ማጣት ነው። ነገር ግን ከክፍል ጓደኞቻችን መካከል ያ ድምፅ የመጣበትን አገር በእግራቸው ጭምር ተጕዘው ያዩት ጥቂቶች አይደሉም።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ የፊልም በዓል ታይቶ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፥ በተከታዩም ዓመት በዋጋዱጉ ታላቁን ሽልማት አገኘ። ታሪኩ በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ በጣና አጠገብ ወዳለው መንደሩ ስለ ተመለሰው ስለ አንበርብር ነው። በባዕድ አገር ሳለ ጥቁር በመሆኑ ወጣቶች ጥቃት አድርሰውበት አካሉ ጐድሏል። ሌሊት ሌሊት ይቃዣል፤ እናቱ ትጨነቃለች። ሊቃውንት ይህ ፊልም ስለ አብዮቱና ስለ ዘመኑ ምሁራን የተሠራ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ሆሳዕና ላይ ግን ሌላ ፍቺ ያገኛል። በዚያው በ2000 ዓ.ም.፥ በግንቦት ወር፥ በደቡብ አፍሪቃ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ጥቃት 62 ሰዎች ሞቱ፤ ሱቆችም ተዘረፉ። ልጆቻችን በዚያ ነበሩ።

«ደራሲው ያላሰበውን ትርጕም መስጠት ቅጥፈት ነው» የሚሉ አሉ። የመጻሕፍት መምህራን «አንድም» እያሉ ላንድ ቃል ብዙ ፍቺ ሲሰጡ ግን ቀጣፊ ያላቸው የለም። ይሁን እንጂ አንድምታም ልክ አለው፤ ፍቺው ከንባቡ መነሣት ይገባዋል። ያ የቪዲዮ ቤት ተርጓሚያችን ይህን ልክ ብዙ ጊዜ ይጥስ ነበር።

ፍቺ የማያስፈልገው ፊልምም አለ። በ2006 ዓ.ም. የታየው የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ «ድፍረት» ተጠልፋ ጠላፊዋን ስለ ገደለች ልጅ ከእውነተኛ ታሪክ የተነሣ ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የጸናው ሕግ ይህን ሻረ። በከምባታ የተወለዱት፥ በ2012 ዓ.ም. ያረፉት ቦጋለች ገብሬ የመሠረቱት ማኅበር ግን ፊልሙ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት በየመንደሩ ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ ጠለፋና ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ያወያይ ነበር። እዚያ የኖረ ሰው «ድፍረት»ን ሲያይ ወርቅ ፍለጋ አይቈፍርም፤ ወርቁ ከሰሙ በላይ ተቀምጦለታል።

ወደ «ጤዛ» እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ፊልም በሆሳዕና ከአንዲት አሮጊት ጐረቤታችን ቤት አየነው። ቴሌቪዥኑን የገዛላቸው በጆሃንስበርግ የሚኖረው ልጃቸው ነው። አማርኛ ብዙ ስለማይሰሙ ትርጕሙ የኛ ድርሻ ሆነ። ስለ አብዮቱ፥ ስለ ኢሕአፓና ስለ መኢሶን ልናስረዳቸው ሞከርን፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከአንበርብር እናት ላይ አላነሡም። ሥዕሉ ካበቃ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤

«ልጆቼ፥ ያ ልጅ ቀረ ወይስ ተመልሶ ሄደ?»

«ቀረ፥ እማማ፤ በመንደሩ መምህር ሆነ» አልናቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ» አሉ።