አሥራ አንደኛው ዓመትስ?

የባቡር ሐዲድ ያልፍበታል ተብሎ ማሳው የተለካ ሰሞን አጎቴ ከቆቦ ደወለልኝ። «አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለ፣ እስቲ ይቺን ሒሳብ ሥራልኝ» አለኝ። ሒሳቧ አጭር ናት። እኔ ግን በእሷ ሰበብ ሕጉን ሳነብ ከረምኩ።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው አንድ ቃል ነው። አዋጁ አጎቴን «ባለመሬት» አይለውም፤ «ባለይዞታ» ነው የሚለው። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አድርጓል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ካሳው ለአፈሩ አይደለም፤ በላዩ ላይ ላለው ንብረትና ለሚቀረው ምርት ነው። እንግሊዞች በባቡር ዘመናቸው በ1845 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ለባለመሬቱ የመሬቱን ዋጋ ይከፍሉት ነበር፤ በግድ ስለተወሰደበት 10 በመቶ መጨመርም ልማድ ሆኖ ነበር። የእኛ ገበሬ የሚቆጠርለት አዝመራው ነው።

ከሐራ ገበያ ወደ መቐለ የሚዘልቀው መስመር በ2007 ሲጀመር የሚሠራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ይባዛል። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ከተገኘ ግን የሚከፈለው የአንድ ዓመቱ አማካይ ብቻ ነው። ለእኔ ሁለት መስመር ኮድ ነው።

ኮዱ የማያውቀው የራያን ሰማይ ነው። እዚያ ማሽላም ጤፍም በዝናብና ከተራራው በሚወርድ ጎርፍ ነው የሚበቅለው። በ2008 ደግሞ የኤልኒኖ ድርቅ መጣ። እስቲ ለምሳሌ ያህል ከ2005 እስከ 2009 የአንድ ገበሬ ገቢ 40፣ 45፣ 50፣ 10 እና 55 ሺህ ብር ነው እንበል። አማካዩ 40 ሺህ፣ ካሳው 400 ሺህ። ድርቁ ባይኖርና 2008ም 50 ሺህ ቢያስገባ ኖሮ ካሳው 480 ሺህ ይሆን ነበር። ድርቁ አንዴ ከጎተራው ወሰደ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከካሳው 80 ሺህ ቀነሰ።

ገበሬው ግምቱ አነሰኝ ብሎ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችል ነበር። ግን መጀመሪያ መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ማያያዝ ነበረበት። ክርክሩ ስለ ብሩ እንጂ ስለ ማሳው አልነበረም ማለት ነው።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቀመሩን ለወጠው። ምትክ መሬት ከሌለ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። የምሳሌያችን ገበሬ በዚህ ሕግ ቢሆን 825 ሺህ ብር ያገኝ ነበር። ያው ማሳ፣ ያው ገበሬ፤ የተለየው መሬቱ የተወሰደበት ቀን ነው። አዲሱ አዋጅ የተነሺዎችን ኑሮ መልሶ የማቋቋም ግዴታም ጨምሯል።

ከዚያ በ2013 ጦርነቱ መጣ፣ የባቡሩም ሥራ ቆመ።

ያን ቀን ለአጎቴ በአሮጌው ቀመር አስልቼ ውጤቱን ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ «የአሥር ዓመት እህል ነው በለኛ» አለ፤ «አሥራ አንደኛው ዓመትስ?»

ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን ሳስበው ማባዣው 10 ሆነ 15 ጥያቄው አይለወጥም፤ ቁጥሩ ብቻ ይገፋል። መልስ የሚሆነው ያ መልሶ ማቋቋም የሚባለው ነገር ከወረቀት ወርዶ ገበሬው ሌላ መተዳደሪያ ሲያገኝ ነው። እሱን ደግሞ እኔ በኮድ ልጽፈው አልችልም።