«ይቆይ» የተባለ ስህተት

ሶፍትዌር በሚሠራበት ቤት ሁሉ አንድ የማያልቅ ጭቅጭቅ አለ። ፈታሹ ስህተት ያገኝና «አስቸኳይ!» ብሎ ይመዘግባል፤ ሠሪው «ቀላል ነው፣ በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል» ይላል። ጥያቄዎቹ በእርግጥ ሁለት ናቸው፦ ስህተቱ ምን ያህል ይጎዳል? መቼስ ይስተካከል? የመጀመሪያው ክብደት፣ ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው።

ሁለቱ ሲምታቱ የሚመጣውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከሳሪስ አቦ በቃሊቲ፣ በአቃቂና በዱከም የሚያልፈው መንገድ ቢሾፍቱ ያደርሰናል። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡38 ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ የወደቀው እዚያው አካባቢ ነው። 157 ሰዎች አለቁ።

አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ነፋሱን በምን ማዕዘን እንደሚገጥም የሚናገሩ ሁለት መለኪያዎች አሉት። ሁለቱ ሲለያዩ አብራሪው ፊት ማስጠንቀቂያ መውጣት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2017 የቦይንግ መሐንዲሶች ማስጠንቀቂያው የሚሠራው ተጨማሪ ማሳያ በገዙ አየር መንገዶች ብቻ መሆኑን ደረሱበት። ኩባንያው መርምሮ «ለደህንነት አያሰጋም» አለ፤ ማስተካከያውም ለ2020 ተቀጠረ። ተቆጣጣሪው ኤፍኤኤ የሰማው ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ወድቆ 189 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። እሱም «አነስተኛ ስጋት» ብሎ መደበው። በ302 ላይም ማስጠንቀቂያው አልወጣም።

ማስጠንቀቂያው ቢወጣ ኖሮ ሰዎቹ ይተርፉ ነበር አልልም። ዋናው ገዳይ በአንድ መለኪያ ብቻ ተማምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይደፍቅ የነበረው ኤምካስ ነው። እዚህም ጉዳዩ የምደባ ነው። ኤምካስ በተለመደ በረራ ያለ ቦታው ቢነሳ ጉዳቱ «ከባድ» ተባለ፤ ከዚያ በላይ «አደገኛ» እና «አውዳሚ» የሚሉ ደረጃዎች ነበሩ። ስሌቱ አብራሪው በአራት ሰከንድ ውስጥ ያርመዋል የሚል ነው። ልብ በሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በምስለ በረራ ሙከራ የቦይንግ የራሱ አብራሪ ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት ውጤቱን «አውዳሚ» ብሎት ነበር!

ከላየን ኤር በኋላ ኤፍኤኤ ሲያሰላ፣ ካልተስተካከለ በማክሶቹ ዕድሜ 15 ያህል አደጋ ሊደርስ እንደሚችል አገኘ። ሆኖም ለአብራሪዎች መመሪያ ተሰጥቶ፣ ማስተካከያው እስኪደርስ ይብረሩ ተባለ። አምስት ወር ሳይሞላ የእኛው ተራ ደረሰ።

ክርክሩ ከሞት በኋላም አላበቃም። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት መለኪያው የተበላሸው በኤሌክትሪክ ችግር ነው አለ፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስቢ ወፍ ሳትመታው አልቀረችም፣ የአብራሪዎቹም ድርሻ በሚገባ አልታየም ብሎ ተቃወመ። ኤምካስ አፍንጫውን እንደደፈቀው ግን ሁለቱም ይስማማሉ።

በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ ይላል ሌባው እናቱን። «ቀላል» የሚለው ቃል ውሳኔ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ወሳኙ አይደለም። የጊዜ ገደብና ትርፍ የሚያስጨንቀው ሰው ብቻውን ክብደት መዳኘት የለበትም። ዛሬ ለባንኩ፣ ለሆስፒታሉ፣ ለመብራቱ ሶፍትዌር የምትሠሩ ወዳጆቼ፦ «ይቆይ» ያላችሁት ስህተት ዝርዝር ውስጥ ማን ተሳፍሯል?