ጎንደርና የዓለም መንግሥታት ማኅበር

በታሪክ ትምህርት ስለ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ሲነሣ ነገሩ የጄኔቭና የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ ለሚመስለው ተማሪ አንድ ነገር ላሳስበው እወዳለሁ። የኛም ከተማ ስም በዚያ ክርክር መነሻ ላይ ይገኛል። ጥቅምት 25 ቀን 1927 ዓ.ም. በጎንደር በነበረው የኢጣልያ ቆንስላ ላይ ረብሻ ተነሥቶ ጉዳት ደረሰ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሳይውል ሳያድር ማዘኑን ገለጸ፤ ካሣም ለመክፈል ተስማማ። ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለ። ነገር ግን አንድ ወር እንዳለፈ፣ ኅዳር 26 ቀን፣ በኦጋዴን በረሃ ወልወል በሚባለው የውሃ ጉድጓድ ስፍራ የኢትዮጵያና የኢጣልያ ወታደሮች ተዋጉ።

ኢጣልያ ስለ ወልወል ይቅርታ እንዲጠየቅ፣ ለሰንደቅ ዓላማዋ ሰላምታ እንዲሰጥና 200,000 የማርያ ትሬዛ ብር እንዲከፈላት ፈለገች። በጎንደሩ ረብሻ ካሣ ለመክፈል ያላመነታ መንግሥት ይህን ስለ ምን እንቢ አለ? በጎንደር የውጭ አገር ቆንስላ በእንግድነት ተቀምጦ ሳለ ጉዳት ስለ ደረሰበት ባለቤቱ አገር ኃላፊ ነበረ። በወልወል ግን ዋናው ክርክር ስፍራው የማን ነው የሚል ስለ ሆነ፣ መክፈል ማለት መሬቱን በፈቃድ መልቀቅ ይሆን ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያ ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተፈራረመችው የወዳጅነት ውል መሠረት ጉዳዩ በሽማግሌ ዳኞች ይታይ ብላ ጠየቀች፤ ለዓለም መንግሥታት ማኅበርም አቤት አለች። ለሕግ ያላት አክብሮት ከጎንደሩም ከወልወሉም ጉዳይ ይታያል ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አሳብ ለኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። በመንደር ኡኡታ ሲሰማ ጋሻውንና ጦሩን ይዞ ያልደረሰ ጎረቤት እንደሚወቀስ ሁሉ፣ በቃል ኪዳኑ 10ኛ አንቀጽ አባሎቹ የእያንዳንዳቸውን ነጻነትና ግዛት ከውጭ ጥቃት ሊጠብቁ ተማምለው ነበር። 16ኛው አንቀጽ ደግሞ ቃል ኪዳኑን አፍርሶ ጦርነት ያነሣ መንግሥት በሁሉም ላይ ጦር እንዳነሣ ይቈጠራል፤ ንግዱና ገንዘቡም ወዲያው ይዘጋበታል ይላል። የጋራ ደኅንነት የሚባለው ይህ ነው።

ሽማግሌዎቹ በግሪካዊው የሕግ ሊቅ በኒኮላስ ፖሊቲስ ሰብሳቢነት ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ፍርዳቸውን ሰጡ፤ በወልወሉ ግጭት ከሁለቱ ወገኖች አንዳቸውም ጥፋተኛ አይባሉም አሉ። በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ግን ኢጣልያ ወታደርና መሣሪያ በመርከብ ወደ ምፅዋ ስታጓጕዝ ከርማለች። አንዳንድ መንግሥታት በበኩላቸው ከሁለቱም ወገን ሳናዳላ ብለው የመሣሪያ ሽያጭን ከለከሉ። የመሣሪያ ፋብሪካ ያለው አገርና የሌለው አገር እኩል ሲከለከሉ አለማዳላት መሆኑን እኔ መቀበል አልቻልሁም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። እዚህ ላይ ለማኅበሩ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። በአምስተኛው ቀን ምክር ቤቱ ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦርነት እንዳነሣች በግልጽ ፈረደ፤ 50 ያህል መንግሥታትም ፍርዱን ደገፉ። በታላቅ መንግሥት ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የንግድ ቅጣቱም ኅዳር 8 ቀን ተጀመረ። ለኢጣልያ መሣሪያ እንዳይሸጥ፣ ገንዘብ እንዳይበደር፣ ከእርሷም ዕቃ እንዳይገዛ ተከለከለ።

ነገር ግን ለኢጣልያ እንዳይሸጥ የተባለውን ዕቃ ዝርዝር ያየ ሰው መገረሙ አይቀርም። ጎማ አለበት፤ ቆርቆሮና አሉሚኒየም አለበት። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ሳይቀሩ በስማቸው ተጽፈዋል። ቤንዚን ግን የለበትም! በቅሎ በሰሜን ተራራ የማይናቅ አገልግሎት እንዳላት ከኛ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ሆኖም የኢጣልያ አይሮፕላንና ታንክ በገብስ አይሄድም ነበር።

ቤንዚን የተተወበት ምክንያት ተሰጥቶታል። ብዙ ነዳጅ የምትሸጠው አሜሪካ የማኅበሩ አባል ስላልሆነች እኛ ብንከለክል እርሷ ትሸጣለች ተባለ። ይህ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ከሂትለር ጋር እንዳይወዳጅ ሲያባብሉት ነበር፤ በታኅሣሥ ወርም የሁለቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል ከኢትዮጵያ ግዛት ብዙውን ክፍል ለኢጣልያ ለመስጠት በምስጢር መክረው ምስጢሩ ወጣባቸው። የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት እንደ ሆነ ቆየ። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት በኋላ እንደ ጻፈው፣ ሙሶሊኒ ራሱ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሂትለር፣ ነዳጅ ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎታል።

ይህ በኛ አገር ላይ ያመጣውን እንመልከት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና የኢጣልያን ትናንሽ ታንኮች ማረከ፤ አንዳንዱን በእጅ ገልብጦ ነው የያዘው ይባላል። ይህ በሆነ በስምንተኛው ቀን፣ ራስ እምሩ እንደ መሰከሩት፣ አይሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ እንግዳ የሆነ ዕቃ ጣሉ። ከመሬት ሲደርስ የሚፈሰው ነገር የነካው ሰው ቈዳው ይላጥ ጀመር። በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ በተፈረመው ውል የመርዝ ጢስን በጦርነት ላለመጠቀም ቃል ከገቡት አንዷ ኢጣልያ ነበረች። የሽሬው ሠራዊት በየካቲት መጨረሻ ከተፈታ በኋላ የፋሺስቱ ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ስታራቼ ወታደሮቹን በብዙ መቶ ካሚዮን አሳፍሮ ከኦምሐጀር ተነሣ። መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ። እነዚያ ካሚዮኖች የመጡት በዝርዝሩ ባልተጻፈው ቤንዚን ነው።

ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ጉባኤ ፊት ቆመው ሲናገሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ይህን ንግግር ሁሉም ያነሣዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ለመከላከያዋ 10 ሚሊዮን ፓውንድ እንድትበደር ባቀረበችው ጥያቄ ላይ ድምፅ ሲሰጥ 23 መንግሥታት ተቃወሙ፣ 25ቱ ድምፃቸውን ያዙ፤ የደገፈው 1 ድምፅ ብቻ ሲሆን እርሱም የኢትዮጵያ የራሷ ድምፅ ነበር። ሐምሌ 8 ቀን ቅጣቱ ከኢጣልያ ላይ ተነሣ። ያን ጊዜ በአርማጭሆና በሌላውም የጎንደር አገር አርበኞች ገና አልተገዙም ነበር። በኋላ በስማቸው የታወቁት አሞራው ውብነህ ከነዚህ አንዱ ናቸው።

ኢጣልያኖች ጎንደርን የአማራ የሚሉት ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት። በአራዳ ስናልፍ የምናያቸው ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ሕንፃዎቹ ማማራቸውን አልክድም። ኋላ በአፍሪካ ቀንድ የመጨረሻው የኢጣልያ ምሽግ የሆነችውም ይህችው ጎንደር ናት። ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ቁልቋል በር ተያዘ፤ ኅዳር 18 ቀን ጄኔራል ናዚ እጁን ሰጠ። ከአርበኞቹ ጋር የእንግሊዝ ጦር መጥቶ የተዋጋው ግን 16ኛውን አንቀጽ አስታውሶ አልነበረም፤ ሙሶሊኒ በ1932 ዓ.ም. በራሷ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስላወጀ ነው።

በሰኔ 1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም ኢትዮጵያ ከ51ዱ መሥራቾች አንዷ ሆነች። ቻርተሩ ከቀድሞው ቃል ኪዳን ጠንክሯል። ጦርነትን ብቻ ሳይሆን በኃይል መጠቀምንና በኃይል ማስፈራራትን ይከለክላል፤ የጸጥታው ምክር ቤት በጸጥታ ጉዳይ የወሰነውንም አባሎቹ ሁሉ እንዲፈጽሙ ያስገድዳል። በ51ኛው አንቀጽ ደግሞ የተጠቃ አገር ምክር ቤቱ እስኪደርስለት ራሱን የመከላከል መብት አለው። ቢሆንም ከአምስቱ ቋሚ አባሎች አንዱ እንቢ ካለ ነገሩ ይቀራል፤ መንግሥታት በስምምነት ለምክር ቤቱ ያዘጋጁታል የተባለው ጦርም እስከ ዛሬ አልተዘጋጀም።

በሰኔ 1942 ዓ.ም. ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን በወረረ ጊዜ ምክር ቤቱ ለተጠቃው እንዲደረስለት ለመወሰን የቻለው የሶቪየት መልእክተኛ በተቃውሞ ከስብሰባው ቀርቶ ስለ ነበር ነው። ይህ አጋጣሚ መሆኑን እያወቀች፣ ከ14 ዓመት በፊት ለራሷ ማንም ያልደረሰላት ኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃን ላከች። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ሻለቃው ሲነሣ ጎንደር ነጻ ከወጣች ገና 10 ዓመት አልሞላም ነበር።