ቁልቁለትና ጉልበት፦ መገጣጠሚያን የሚጠብቅ አረማመድ

በአማርኛ “ጉልበት” የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው ጭንን ከቅልጥም ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ ሲሆን ሁለተኛው የመሥራት አቅም ነው። እርሻው፣ ገበያው፣ ውኃውና የአምልኮ ሥፍራው በእግር በሚደረስበት አካባቢ ሁለቱ ትርጉሞች እምብዛም አይለያዩም። ጉልበቱን የታመመ አርሶ አደር ከእርሻው ይቀራል፤ ጉልበቷን የታመመች እናት ከምንጭ ውኃ መቅዳት ይሳናታል።

የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ለዚህ አብነት ነው። መካነ ሰላም ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የቦረናና የወግዲ መሬት ወደ ዓባይ ሸለቆ፣ የሳይንት ደግሞ ወደ በሽሎም ጭምር ይወርዳል። ከደጋው አፋፍ ተነሥቶ እስከ ዓባይ የሚዘልቅ መንገደኛ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል።

ቁልቁለት ለምን ይጎዳል?

ዳገት ትንፋሽን ስለሚያሳጥር ብዙ ሰው ሰውነቱን የሚጎዳው እርሱ ይመስለዋል። ዳገት ይበልጥ የሚያደክመው ልብንና ሳንባን ነው። በቁልቁለት ግን ትንፋሽ ቢቀልም ጫናው ወደ ጉልበት ይዞራል። በእያንዳንዱ እርምጃ ሰውነት ወደ ታች ሲወርድ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ እንደ ፍሬን ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ የጉልበት ሎሚ ከሥሩ ባለው አጥንት ላይ በኃይል ይጫናል።

በጀርመን በርሊን የሚገኙ ተመራማሪዎች በሰው ሠራሽ ጉልበት ውስጥ መለኪያ ገጥመው ጫናውን ለክተዋል። በሜዳ ሲኬድ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት 2 እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ደረጃ ሲወረድ ግን ወደ 3 እጥፍ ተኩል ይጠጋል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ደረጃ ሲወርድ በአንድ ጉልበቱ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ጫና ይሸከማል ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን መራመድ ጎጂ ነው ማለት አይደለም። የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ንጣፍ የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ እርሱም እንደ ስፖንጅ ሲጫንና ሲለቀቅ ይገባለታል። ስለዚህ መገጣጠሚያ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ንጣፍ መጎዳት ጋር የተያያዘ የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረባቸው። ከሁሉም በላይ የሚጠቃው ጉልበት ሲሆን ከታማሚዎቹ 60 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

በሜዳ፣ በዳገትና በቁልቁለት

በሜዳ ሲራመዱ አንገትን ቀና አድርጎ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት መመልከት ይገባል። ተረከዝ ቀስ ብሎ መሬት ይንካ፤ ከዚያም ክብደቱ በውስጥ እግር በኩል ወደ ጣቶች ይሸጋገር። ኮቴ ጎልቶ የሚሰማ ከሆነ እርምጃው ረዝሟል፤ ማሳጠር ይበጃል።

በዳገት ላይ እርምጃን አሳጥሮ፣ ሙሉ ውስጥ እግርን መሬት ላይ አሳርፎ፣ እየተነጋገሩ ለመሄድ በሚያስችል ፍጥነት መውጣት ተገቢ ነው።

በቁልቁለት ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መሮጥ አይገባም። እርምጃው አጭርና ተደጋጋሚ ይሁን፤ እግር ከሰውነት ርቆ ወደ ፊት አይወርወር። ጉልበት ደርቆ ሳይሆን በጥቂቱ ታጥፎ መሬትን ይቀበል። መንገዱ ሰፊ ከሆነ ቀጥታ ከመውረድ ግራና ቀኝ እየጠመዘዙ መውረድ ጫናውን ያቀልላል።

ዱላው ከትከሻ ይውረድ

የደጋው ሰው ከዱላው አይለይም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በትከሻው ላይ ያጋድመዋል። ቁልቁለት ሲጀምር ዱላው ወደ መሬት መውረድ አለበት። በኦስትሪያ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሁለት ምርኩዝ ቁልቁል የወረዱ ሰዎች በጉልበታቸው ላይ ያረፈው ጫና ከ12 እስከ 25 በመቶ ቀንሷል። አንድ ዱላም ቢሆን ሚዛንን ይጠብቃል፤ ከመውደቅም ያድናል። ዱላውን ክርን በጥቂቱ በሚታጠፍበት ቁመት ላይ ይዞ፣ አስቀድሞ ከፊት መትከል፣ ከዚያ መራመድ ነው። አንድ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዱላውን በጤነኛው እግር በኩል ባለው እጅ ይያዝ። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርድ የታመመው ይቅደም።

ሸክም፣ ጫማና ክብደት

20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ሸክም ከጀርባ ጋር ተጠግቶ በሁለቱም ትከሻ እኩል ቢያርፍ ይመረጣል። ቁልቁለት ባለበት መንገድ ለሁለት ከፍሎ መያዝ ወይም በአህያ መጫን ጉልበትን ያሳርፋል። በክረምት ጭቃ ሶሉ የለሰለሰ የፕላስቲክ ጫማ ያንሸራትታል፤ ተረከዙ በአንድ ወገን ያለቀ ጫማም እግርን ያጣምማል።

ለከተማ ነዋሪ ዋናው ሥጋት ብዙ መቀመጥና የክብደት መጨመር ነው። በአሜሪካ የጉልበት ሕመም ባለባቸውና ክብደታቸው በበዛ አዛውንቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ 1 ኪሎ ግራም መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ማንሣቱ ታይቷል። እጅን ሳይደገፉ ከመደብ ወይም ከወንበር 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ የፊት ጭንን ያጠነክራል፤ ሕመም ካስከተለ ግን ከፍ ካለ መቀመጫ መጀመር ይገባል።

መቼ ወደ ጤና ተቋም?

ጉልበት በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ትኩሳት ካለ፣ አልታጠፍም ወይም አልዘረጋም ካለ፣ ከወደቁም በኋላ መቆም ካቃተ በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከመውደቅ በኋላ ሳይመረመሩ መታሸትና አጥብቆ መታሰር አደገኛ ነው፤ የደም ዝውውርን አግዶ እግርን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። የሕመም ማስታገሻንም ያለ ባለሙያ ምክር ለረጅም ጊዜ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ከእነዚህ ምክሮች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን መንገዱ ቁልቁል ሲል እርምጃን ማሳጠርና ዱላን መሬት ላይ መትከል በቂ ጅማሬ ነው።